የአማቴ የመጀመሪያ ድምፅ

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ የጀርመን ዜግነት ያገኙት ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። የሚኖሩት ፍራንክፈርት፣ ኒደርራድ የሚባል ሰፈር፣ እኛ ጋ ነበር። አገር ቤት ሳሉ የመረጡት ነገር ቢኖር የቀበሌ ስብሰባ ላይ «እጅ አውጡ» ሲባል እጃቸውን ማውጣት ነው፤ አንድ ቀን ዘግይተው በማውጣታቸው ግለ ሂስ አስደርገዋቸዋል። ስለዚህ አዲሱን ፓስፖርት እንደያዙ ድምፅ መስጠት አማራቸው። የፓርላማው ምርጫ ገና ሩቅ ነበር። የቀረበው ተመልካቹ በስልክ ደውሎ የሚመርጥበት የአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር ነው።

ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። ዘፈኖቹ ሲያልቁ «ለጀርመን ደውይልኝ» አሉኝ።

«አባባ፣ ከጀርመን ሆነው ለጀርመን መምረጥ አይቻልም። ለሌላ አገር ነው።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግልኝ ነው ዜጋ የሆንኩት?»

ሰው ለራሱ አገር እንዳያዳላ መሆኑን፣ ከሕዝቡ ሌላ ዳኞችም ነጥብ እንደሚሰጡ አስረዳኋቸው። ዳኞች መኖራቸውን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «ድሮም ከላይ የሚያስተካክል አይጠፋም» አሉ።

ወዲያው ቪየና ለምትኖረው፣ የኔ እኩያ ለምትሆነው የመጨረሻ እህታቸው ደወሉ። እሷም ለኦስትሪያ መምረጥ ተከልክላ ተናዳ ኖሯል። ሁለት ሐበሻ ተገናኝቶ የሕግ መዞሪያ አያጣም፤ እሷ ለጀርመን፣ እሳቸው ለኦስትሪያ ሊመርጡ ተማማሉ። እከክልኝ ልከክልህ ማለት ይኸው ነው። እኔም ምስክር ሆንኩ።

ቁጥር መጫን ሁልጊዜ የኔ ሥራ ስለነበር እጄን ዘረጋሁ። ስልኩን አልሰጥም አሉ። መነጽራቸውን አድርገው ወጥ ቤት ገቡና በሩን ዘጉት። ሲወጡ ግንባራቸው በላብ ወዝቷል፤ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ነጥቡ ሲነበብ ኦስትሪያ ለጀርመን ምንም አልሰጠችም። ጀርመንም ለኦስትሪያ ምንም። ሁለቱም አገሮች ውድድሩን በባዶ ጨረሱ። የአንድ ሰው ድምፅ ያን ያህል እንደማይለውጥ ባውቅም፣ እኔ ራሴ አማቴን በጥርጣሬ አየኋቸው። ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«ወንድም ጋሼ፣ ለኦስትሪያ መርጠሃል?»

«አንቺስ ለጀርመን?»

ቀድማ የሳቀችው እሷ ነች።

እኔ በየነገሩ የምገባ ሰው ነኝና በኋላ ስልኩን ፈተሽኩት። የትኛውን አገር እንደመረጡ የሚያሳየውን ቁጥር አጥፍተውታል፤ ማጥፋት እንደሚችሉ እንኳ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው። የሆድ ድርቀታቸውን ሳይቀር የማይደብቁኝ ሰው ናቸው።

«ይህንንስ አልነግርሽም፣ ልጄ» አሉኝ። «ይሄ የኔ ነው።»