የውሃ አባት በሪያድ

ሪያድ በገባን በሁለተኛው ሳምንት አንድ የቴምር እርሻ ተሰጠን። ቡድናችን አራት ተማሪ ነው፤ እኔና አንድ የክፍል ጓደኛዬ ከኢትዮጵያ፣ ሁለት ሴት ተማሪዎች ደግሞ ከዚያው ከሪያድ። ሁላችንም የምናጠናው የአፈርና የውሃ አያያዝን ነው። ሥራው ሲነገር ቀላል ነበር፤ ዛፎቹ ለምን ቢጫ እንደሚሆኑ አጥኑና በስድስት ሳምንት ውስጥ ለባለቤቱ ንገሩት ተባልን። እርሻው ባዲዓ ከሚባለው ሰፈር ወጣ ብሎ፣ ሸለቆው ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ከሁለቱ አንደኛዋ በመኪናዋ መጥታ ትወስደናለች።

አስተርጓሚነቱን ለራሴ የሰጠሁት እኔው ነኝ። ልጅ ሆኜ ቁርአን ቤት የቀራሁትን፣ እናቴም እዚሁ ሪያድ፣ ሺፋ ሰፈር፣ ሰው ቤት ስትሠራ ለቃቅማ ያመጣችውን ይዤ “አረብኛ እችላለሁ” ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ጓደኛዬ “አንቺ የምትችይው የዱዓ አረብኛ ነው፤ ለቧንቧ አይሆንም” ብሎ ቀለደብኝ። ግማሽ ቀን አኮረፍኩት። ያናደደኝ እውነቱን መሆኑ ነው።

ዛፎቹን የሚያጠጡት የቆቦ ሰው ናቸው። ሃምሳን ሳይሻገሩ አይቀሩም፤ ጋሼ እላቸው ነበር፣ እሳቸው ደግሞ እህቴ ይሉኛል። እዚያ አገር ሥራ ላይ የተገናኘ ሐበሻ ሁሉ ወንድሜና እህቴ ነው፤ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው እህቴ ሲሉኝ ግን መጀመሪያ ላይ ያስቀኝ ነበር። አማርኛችንን በሰሙበት ቀን ጓንታቸውን አውልቀው የጨበጡን አጨባበጥ አሁንም እጄ ላይ አለ።

አፈሩን እየሰረሰርን ጨውን ስንለካ አንድ ነገር አገኘን። እርሻው በሙሉ ከላይ ከላዩ ጨው ነው፤ ከአጥሩ ሥር ያሉት ሦስት መስመሮች ግን ንጹሕ ናቸው፣ ዛፎቹም ለምለም ናቸው። ውሃው አንድ፣ አፈሩ አንድ። ሦስት ጊዜ ደግመን ለካን፤ ያው ነው። ባለመኪናዋ ልጅ “ለምን?” እያለች መለኪያውን ትነቀንቀዋለች።

እኔ “ለምን”ን ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ጋሼ ወደ አጥሩ ጠራ አደረጉኝ።

“እህቴ፣ ይቺን ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ። ያ የውሃ ማጠጫ ማሽን ለዛፎቹ በየቀኑ ጠብ ጠብ ያደርግባቸዋል። ጠብ ጠብ ጨው ነው የሚያተርፈው። እኔ እነዚህን ሦስቱን ዘጠኝ ቀን እዘጋባቸውና በአሥረኛው ጥግብ አደርጋቸዋለሁ። ጨዉን ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። አገሬ የውሃ አባት ነበርኩ፤ ጎርፍ ወደ እርሻ ስመራ ነው ያደግሁ።”

የውሃ አባት ማለት በእኛ በኩል ውሃውን በተራ የሚያካፍል፣ ጠብ ሲነሳም የሚዳኝ፣ መንደሩ የሚያምነው ሰው ነው። እኛ ከመጽሐፍ የተማርነውን እኚህ ሰው በእጃቸው ያውቁታል።

“ባለቤቱ ያውቃል?” አልኳቸው።

“አስተግፊሩላህ! ከማሽኑ ንክች እንዳትል ብሎኛል። እነዚህ ሦስቱ ከመጅሊሱ፣ እንግዳ ከሚቀበልበት፣ ስለማይታዩ ነው የደፈርኩት። ኢቃማዬ የሚታደሰው በዚህ ወር ነው። ከፊሌ፣ አሠሪዬ፣ አኩርፎ አላድስም ካለ፣ ኸላስ፣ ተርሂል ነው፤ ጠርዘው ይመልሱኛል።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣሁ። የሰውየው የመኖሪያ ፈቃድ እኔ አፍ ውስጥ የተቀመጠ መሰለኝ። ምግብ አልበላ አለኝ፣ ጥፍሬን እስኪደማ በላሁት። የባለቤቱ ነጭ መኪና በሩ ላይ ብቅ ባለች ቁጥር ወደ ዛፎቹ ኋላ እሸሻለሁ። ባለመኪናዋ ልጅ “ለምን?” ስትል እኔ ወደ ዛፍ አያለሁ። ጥናታችን ያለዚያ ምስጢር ባዶ ነው፤ በዚያ ምስጢር ደግሞ ሰው ሊባረር ነው። ውሸት አልወድም፤ ግን እውነቱንም እውነት ስለሆነ ብቻ እንዳልፈለግሁት አውቃለሁ። “እኛ አገኘነው” ማለት አምሮኝ ነበር።

በመጨረሻ ሄጄ ለመንኳቸው። እንደ ወንጀል ሳይሆን እንደ ሙያ ብናገረውስ? ባለቤቱ ቢያከብርዎትስ? ዞር ብለው ቢጫዎቹን ዛፎች አዩ።

“ያሳዝኑኛል” አሉ። “ሁሉንም አጠጣ ቢለኝ እኮ በሁለት ዓመት ይመለሱ ነበር። በይ፣ በጥሩ አፍ ከተነገረ... ኢንሻአላህ። ከወዲሁ ግን አደራ፣ እህቴ። አደራ።”

የማቅረቢያችን ቀን ባለቤቱ፣ መምህራችንና እኛ ጥላው ሥር ተቀመጥን፤ ጋሼ ራቅ ብለው ቆመዋል። ባለመኪናዋ ልጅ ምስጢሩን ያን ጠዋት ነግሬያት ስለነበር “ይህን ክፍል እኔ ልናገረው” አለችኝ። እምቢ አልኳት። አደራው የእኔ ነው፣ በራሴ አፍ እወጣዋለሁ አልኩ። ምን ዓይነት አጉል ድፍረት እንደነበር ሳስበው ዛሬም ያልበኛል።

የጨዉን ነገር በደህና ተናገርኩ። የውሃ አባት ላይ ስደርስ ቃል ጠፋኝ። “አቡ” ብል የማሾፍ መሰለኝ። ቁርአን ቤት ሳሂብ ሲባል የማውቀው ባልደረባ፣ ወዳጅ ማለት እንደሆነ ነው። የውሃ ወዳጅ፤ እንዴት ደስ ይላል! ጋሼን በእጄ እያሳየሁ፣ ፈገግ ብዬ “እሳቸው እኮ ሳሂበል ማእ ናቸው” አልኩ።

ባለቤቱ ፍንጃሉን አስቀመጠ። “የውሃው ባለቤት? ማን? እሱ?”

ሳሂብ ለካ ባለቤት ማለትም ኖሯል፤ አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል። ልጅቷ ቶሎ ብላ ልታስተካክል ሞከረች፤ ሰውየው ግን አልሰማትም። ጉድጓዱን ያስቆፈርኩ እኔ፣ መብራቱን የምከፍል እኔ፣ ባለቤቱ እሱ ነው? አለና ወደ ጋሼ ዞረ። “ውሃዬን እየነካካህ ነው?”

ጋሼ አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ፤ አስተያየታቸው ቁጣ እንኳ አልነበረበትም። ከዚያ በተሰባበረ አረብኛ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ይህች ያገሬ ልጅ ቋንቋ አትችልም፣ እኔ ውሃ አላውቅም፣ የታዘዝኩትን ብቻ ነው የምሠራ አሉ። አጥሩ ሥር ያለው ቱቦ ተሰብሮ ያፈሳል፣ ዛፎቹ የለሙት በዚያ ነው፣ ሳልነግርህ ቆይቻለሁ፣ አፉ በለኝ አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መምህራችን ቁጥሮቹን አይቷቸዋል፤ የሚያፈስ ቱቦ ሦስት መስመር እኩል እንደማያጠጣ ያውቃል። “እንደዚያ ነው?” አለኝ።

“አይዋ” አልኩ፣ አዎ። ያን ቀን ከተናገርኩት ሁሉ ሳልሳሳት ያልኩት አረብኛ ይኸው ብቻ ነው።

ባለቤቱ በረድ አለ። ነገ መጥቼ ተጠግኖ አያለሁ፣ ያላ፣ ብሎ ተነሳ። ከተጠገነ በኋላ ሦስቱም መስመሮች እንደሌሎቹ ወደ ማሽኑ እንዲገቡ ለጋሼ አዘዘ። ጓደኛዬ ሊቀልድብኝ እንኳ አልደፈረም።

በማግስቱ ባለመኪናዋን ልጅ ለምኜ ከባለቤቱ ቀድመን ሄድን። ጋሼ አጥሩን ተከትለው ጉልበታቸው ድረስ ቆፍረዋል። ቱቦው ከጉድጓዱ ግርጌ ተጋድሟል፤ አንድ ጭረት የለበትም። ይቅር ይበሉኝ ልል ጀመርኩና እንባዬ ቀደመኝ።

“ተይው፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው” አሉኝ። “ኢቃማው ይታደሳል፣ ኢንሻአላህ። አሁን ይሄ ሰው ሲመጣ የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል። እስቲ ፈንጠር በይ።”

አካፋውን ከፍ አድርገው ደህናውን ቱቦ በጠርዙ መቱት። በሁለተኛው ተሰነጠቀ፤ ውሃው ፊታቸው ላይ ተረጨ፣ የቆፈሩትን አፈር ጭቃ አደረገው። በእጅጌያቸው ፊታቸውን ጠረጉና በክንዴ ወደያዝኩት የጥናት ደብተር አመለከቱኝ።

“በይ ጻፊው እህቴ። ቱቦው ተሰብሮ አየሁ በይ። አሁን ውሸት አይሆንብሽም።”

እስክርቢቶዬን አወጣሁና እንዳሉኝ ጻፍኩ።