ላይ ኬንግ እና ሁለት መቶው ወረቀት

ሲዮ ላይ ኬንግ የምትባለውን ሴት ያወቅኋት በመጋቢት ወር፣ የማካው ከተማ ግድግዳ ሁሉ ላብ በሚያወርድበትና የታጠበ ልብስ ሳምንት ሙሉ በማይደርቅበት ሰሞን ነው። በዚያን ዘመን በአንድ ኮሌጅ ውስጥ፣ የካዚኖ አስተዳደርንና የቁማርተኞችን ጠባይ በሚያጠና ትንሽ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ጽሕፈት ቤት ይባል እንጂ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ የዶክተር ሎክ፣ ሁለተኛው የእኔና የማባዣው መኪና።

በሩን አንኳኩታ የገባችው ሴት አጠር ያለች፣ ጠጕሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ሁለቱንም አውራ ጣቶቿን በነጭ ፋሻ የጠቀለለች ነበረች። ወንበር ሰጠኋት፤ ወተት ሻይ ቀዳሁላት። ጠጥታ ስትጨርስ እጆቿን ለስለስ አድርጋ አጨበጨበችና መዳፎቿን ገልብጣ ለጠረጴዛው አሳየችው።

"ምነው እትዬ?" አልኋት ደንግጬ።

"አትፍሪ፣ ከቢሮሽ የወሰድሁት ነገር የለም ማለቴ ነው" አለችና በራሷ ሳቀች። "ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ካርታ ሳድል፣ ከጠረጴዛ በተነሣሁ ቍጥር ካሜራው እንዲያየኝ እንዲህ ሳደርግ ኖርሁ። አሁንማ ቤቴ ሾርባ ጠጥቼ ስነሣ ለባሌ አሳየዋለሁ። እሱም 'ተፈትሸሻል፣ እለፊ' ይለኛል።"

ላይ ኬንግ ባካራ በሚባለው የካርታ ቁማር ካርታ አዳይ ነበረች። አውራ ጣቶቿ እምቢ ሲሏት የምትሠራበት ካዚኖ አላባረራትም፤ ምድር ቤት ወዳለው የደንብ ልብስ መጋዘን አወረዳት። ሁለት ዓመት ሙሉ የተበጠሰ ቍልፍ ስትተክልና ኮት ስታንጠለጥል ኖረች። ሥራው ከባድ አልነበረም። "ክፉው ነገር ሰው አለማየት ነው" ትለኝ ነበር ኋላ ስንግባባ። "ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ፊት ሳነብ ኖሬ፣ ኮት ምን ፊት አለው?"

ወደ እኛ የመጣችው በውሰት ነው። ዶክተር ሎክ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ምን ያህል እንደሚቆዩና ምን እንደሚያስነሣቸው ያጠና ነበር። ካዚኖው አዳራሹን ለስድስት ሳምንት ፈቅዶለታል። በስድስት ሳምንት ሁለት መቶ መልስ ከተሰበሰበ ኮሌጁ ጥናቱን ያስቀጥላል፤ ለአንድ ቋሚ ረዳትም ደመወዝ ይመድባል፤ ያም ቦታ የላይ ኬንግ እንዲሆን ቃል ተገብቶላት ነበር። ካልተሰበሰበ ግን ጽሕፈት ቤቱ ወደ ሌላ ሥራ ይዞራል፣ እሷም ወደ ኮቶቿ ትወርዳለች። እሷ ስትመጣ ሁለቱ ሳምንት አልፈው ነበር። በእጃችን የነበረው መልስ ዐሥራ አንድ ነው። ከዐሥራ አንዱ ሰባቱን የሞላው አንድ ሰው መሆኑን የደረስሁበት እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፉ አንድ ነበር። መልስ ለሰጠ ሁሉ ጃንጥላ እንሸልም ስለነበር፣ ሰውዬው ለቤተ ሰቡ በሙሉ ጃንጥላ አድርሷል።

ዶክተር ሎክ ደግ ሰው ነው፤ ልጅነቱን ግን በሊዝበን፣ በአክስቱ ቤት ነው ያሳለፈው። ስለዚህ ተማሪዎቹን ወደ አዳራሹ ሲልክ አንድ ነገር አልነገራቸውም፤ እሱም አያውቀውም ነበር። አንደኛው ተማሪ ካርታውን በጠርዙ ቀስ እያለ የሚገልጥ ሰው ዘንድ ከበስተኋላው ቀረበና፣ "ይቅርታ ጌታዬ" ብሎ ትከሻውን ነካ አደረገው። የቁማርተኛ ትከሻ ሲነካ ዕድሉ ይረግፋል። ካርታው ተገለጠ፤ ነጥቡ ዜሮ ሆነ፤ ተበላ። ጠረጴዛው በሙሉ ተነሥቶ ጮኸ። የአዳራሹ ኃላፊ ኩዎክ ደርሶ ባያስጥለው፣ ያ ልጅ ጥናቱን በሐኪም ቤት ይጨርስ ነበር። ኩዎክም፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ቢሰማ ወረቀታችንን ሰብስበን እንድንወጣ አስጠነቀቀን።

ላይ ኬንግ ይህን ስትሰማ ዐይኗን ጨፈነች። ከዚያ አርባ ሁለቱን ጥያቄ አንድ በአንድ አነበበች። ዐሥራ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ጮክ አድርጋ አነበበችው፦ "'ባለፉት ዐሥራ ሁለት ወራት ውስጥ በመጫወትዎ ምክንያት የጸጸት ስሜት አድሮብዎት ያውቃል?' ዶክተር፣ ይህን ነው ካርታ ይዞ ለተቀመጠ ሰው የሚያቀርቡለት?"

"አዎን፤ በብዙ አገር የተፈተነ ጥያቄ ነው።"

"ሚስቱ እንኳ ጠይቃው አታውቅም።"

ዶክተር ሎክ ሊቈጣ አስቦ ሳቀ። "እሺ እትዬ ኬንግ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይጠይቁታል?"

"ምንም። የተጠየቀ ይዋሻል። የሚጽፍ ግን አይዋሽም፤ እነሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይጽፋሉ።" ከቦርሳዋ አንድ እፍኝ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ተጫዋቾቹ የወጣውን ውጤት በቀይና በሰማያዊ ክብ የሚያሰፍሩበት፣ "መንገድ" የሚሉት ባለ መስመር ወረቀት ነው። ካዚኖው ከእርሳስ ጋር በነጻ ያድላል፤ ሰውም ተጫውቶ ሲነሣ ወንበሩ ላይ ጥሎት ይሄዳል። በየወረቀቱ ላይ ክቦቹ እንደ ጥልፍ ተደርድረው ነበር። "አንድ መስመር ከላይ እናትምበት። የተቀመጥሁበት ሰዓት፣ ለመነሣት ያሰብሁበት ሰዓት፣ የተነሣሁበት ሰዓት። ስም የለ፣ ገንዘብ የለ። መውጫው ላይ ሣጥን እናቆማለን፤ ሲወጣ ይጥላል።"

"ስምና ዕድሜ የሌለው መልስ ምን ይሠራልኛል?"

"ካለዎት ዐሥራ አንድ ይሻልዎታል። ያውም ባለ ጃንጥላው ሲወጣ አራት።"

ወደ ኩዎክ ስትሄድ ወረቀቱን እንድይዝላት ይዛኝ ሄደች። ኩዎክ ረዥም፣ ሱፉ የማይጨማደድ ሰው ነው።

"ሰዓት?" አለ ወረቀቱን እያየ። "እትዬ ኬንግ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ? ግድግዳው ላይ ሰዓት ያልሰቀልነው ረስተን መሰለሽ?"

"ረስታችሁ እንዳልሆነማ ዐውቃለሁ። ግን ሰው ከጠዋት እስከ ጠዋት ተቀምጦ ራሱን ስቶ ሲወድቅ፣ ቃሬዛ አስይዘህ የምትሮጠው አንተ ነህ። አዳዮቹን ልጆች የሚሰድበው፣ ካርታ የሚቀድደው ማነው? አሁን የመጣው ነው ወይስ ከትናንት ጀምሮ ያልተነሣው?"

ኩዎክ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

"ደግሞ ሥራ ስትጀምር፣ ካርታው ከእጅህ እያመለጠ ጠረጴዛ ሥር ስትለቅም፣ ቆሞ የጋረደህ ማን ነበር?"

"ይህን ነገር እስከ መቼ ነው የምታነሺብኝ?"

"ጡረታ እስክትወጣ።"

"አራት ጠረጴዛ" አለ ኩዎክ እጁን እያወዛወዘ። "በቀን ብቻ። የትልልቆቹን ቁማርተኞች ክፍል ደግሞ በዐይንሽም እንዳታዪው።"

ወረቀቱ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ እስኪደርስ አንድ ሳምንት ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሣጥኑን ስንከፍት ዘጠኝ ወረቀት አገኘን። ክቦቹ ሁሉ በወጉ ተሞልተዋል፤ የላይኛው መስመር ግን በሰባቱ ላይ ባዶ ነው። በስምንተኛው ላይ አንድ ሰው የዓሣ ሥዕል ሥሎበታል። ላይ ኬንግ ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም። ዶክተር ሎክም ዓሣውን አይቶ ወረቀቱን ወደ ሣጥኑ መለሰው። የቀረን ሁለት ሳምንት ከጥቂት ቀን ነው።

በማግሥቱ ወደ አዳራሹ አብሬያት ገባሁ። በአራተኛው ጠረጴዛ፣ በግራው ጥግ አጎት ካም ተቀምጠዋል። አጎት ካም ኮሎኣን መንደር ዕድሜያቸውን ሙሉ ጀልባ ሲሠሩ ኖረው፣ የጀልባው ሥራ ሲቆም ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ከተማ መምጣት የጀመሩ ሽማግሌ ናቸው። ላይ ኬንግን ከአዳይነቷ ጀምሮ ያውቋታል። እሷ ጠረጴዛው ከካርታ ባዶ እስኪሆን፣ ካርታው እየተሳበ የሚታደልበት፣ አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጀው ሣጥን አልቆ አዲሱ እስኪመጣ ጠበቀች። ከዚያ ከፊት ለፊታቸው ዞራ ቀረበች።

"አጎት ካም፣ ሩዝ በሉ?" አለች፤ የአገሩ ሰላምታ ነው።

"ኧረ አንቺ ልጅ! ሞታለች ሲሉኝ።"

"ኮት ሥር ተቀብሬ ነበር። ይቺን መስመር ለምን ባዶ ተዉብኝ?"

ሽማግሌው ወረቀቱን ከዐይናቸው አርቀው ተመለከቱት። "የመነሻ ሰዓት? ሰዓቱን በምን ላውቀው? እኔ ሰዓቴን በር ላይ ፈትቼ ኪሴ ከትቼ ነው የምገባ። ይህ አጠገቤ ያለውም እንደዚሁ። እስቲ ዙሪያውን ጠይቂ፤ ቀትር ነው ወይስ ማታ የሚያውቅ አንድ ሰው ካገኘሽ፣ የዳክዬ ጥብስ በእኔ።"

አጠገባቸው የነበረው ወፍራም ሰውዬ ቀና ብሎ፣ "ማታ አይደለም እንዴ?" አለ። ገና ምሳ ሰዓት አልደረሰም ነበር።

"አላልሁሽም?" አሉ አጎት ካም።

"ታዲያ መቼ መጡ ቢባሉ ምን ብለው ይመልሳሉ?"

"በሁለተኛው ሣጥን ነው የመጣሁት እላለሁ። ገንፎዬን የበላሁት በሦስተኛው ነው። ትናንት የሄድሁት በስምንተኛው ነው፤ ልጄ ተቈጥታ ስልክ ስትደውልልኝ። አንቺስ ስታድይ በምን ነበር የምትቈጥሪው?"

"እኔማ በዕረፍቴ ነበር። ሰዓት ሠርቼ እወጣለሁ፣ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ።"

"እንግዲህ! አንቺ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ነበርሽ። እኛ ወዲህ ማዶ ነን።"

ከአዳራሹ ስንወጣ ላይ ኬንግ፣ "ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊታቸው ቆሜ" አለችኝ፣ "አንድ ቀን በእነሱ በኩል አልተቀመጥሁም። ሊዝበን ያደገው ዶክተር ብቻ መስሎኝ ነበር እኮ የማያውቀው።"

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን እንደገና አበጀነው። ሰዓት የሚለውን ሁሉ ሠረዘችው። በምትኩ ስምንት ትንንሽ ባዶ ቤቶች በአንድ ረድፍ ሠራች፤ አንድ የካርታ ሣጥን ባለቀ ቍጥር አንዱ ቤት ይጠቆራል። ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ተጫዋቹ እነሣለሁ ብሎ የሚገምተውን ቤት ይከብባል።

"አስቀድሞ ለምን ይከብባል?" አለ ዶክተር ሎክ። "ማን አስገድዶት?"

"ዶክተር፣ እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠሩ ይውላሉ? ቀጥሎ የሚወጣውን ሲገምቱ! እስቲ ስለ ራሳቸውም ይገምቱ።"

በመጀመሪያው ቀን ዐሥራ አራት ወረቀት ተጣለ፤ በማግሥቱ ሃያ ሁለት። ሰዎቹ ጎረቤቶቻቸው የከበቡትን አንገታቸውን አስግገው ማየት ጀመሩ።

"አንተ ሦስተኛው ላይ ከብበህ አምስተኛው ላይ ምን ትሠራለህ?" ይላል አንዱ።

"ወንበሩ ያዘኝ።"

"ስለ ራስህ ያልገመትህ ሰው ስለ ካርታው ልትነግረኝ ነው?"

አጎት ካም በመጀመሪያው ቀን ሦስተኛውን ከብበው እስከ ስድስተኛው ቆዩ። አፍረው ወረቀቱን ሳይጥሉ ሊወጡ ሲሉ ላይ ኬንግ በሩ ላይ ያዘቻቸው። "የተሳሳተውም ይፈለጋል አጎት ካም። እንዲያውም እሱ ነው የሚፈለገው።" በሁለተኛው ቀን ያንኑ ከብበው እስከ አራተኛው ቆዩ። በሦስተኛው ቀን ሦስተኛው ሣጥን ሲያልቅ ወፍራሙ ሰውዬ፣ "እናያለን! ሽማግሌው አይነሣም!" ብሎ ጠረጴዛውን ሲያስቅ፣ አጎት ካም ተነሡ። ኮታቸውን ይዘው፣ ወረቀታቸውን ጥለው፣ ከበሩ ውጭ ባለው ፀሐይ ላይ ግራ ተጋብተው ቆሙ።

"ገና ቀን ነው እንዴ?" አሉኝ። "እኔ በማታው አውቶቡስ ነበር የምመለሰው። የቀኑ የት ይቆማል?"

ከድልድዩ ወዲህ ያለውን ፌርማታ አሳየኋቸው።

የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ስንቈጥር መቶ ሰማንያ ሰባት ደርሶ ነበር። ያን ቀን ዝናብ ጣለ፤ አዳራሹ ጭር ብሎ ነበር። ላይ ኬንግ ሣጥኑ አጠገብ ቆማ ጠረጴዛዎቹን በማየት ብቻ ሰውን የምታስወጣ ይመስል ዐይኗን አልነቀለችም። እኔ ደግሞ አስተያየቷ ራሱ ያባርራቸዋል ብዬ ፈራሁ። አመሻሽ ላይ ሣጥኑን ተሸክመን ወጣን፤ በጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዶክተር ሎክ፣ እሷና እኔ ሦስት ቦታ ተከፋፍለን ቈጠርን። ተደመረ። ሁለት መቶ ስድስት። ዶክተሩ አላመነም፤ እንደገና ቈጠረ። ያው ነው።

ወረቀቶቹ የተናገሩት ተአምር አይደለም። መነሻውን ከከበበው ሰው ከግማሽ በላይ የሆነው ከከበበው ሣጥን ወይም ከተከታዩ አላለፈም። ሌላው አለፈ፤ አንዳንዱም እጅግ አለፈ። ዶክተር ሎክ በሪፖርቱ ላይ እንደዚያው አድርጎ ጻፈው። ኩዎክም አንብቦ ሲጨርስ፣ የተቀሩት ጠረጴዛዎች ለምን ወረቀቱ እንዳልደረሳቸው ጠየቀን፤ እሱው ራሱ የከለከለውን ረስቶ።

የቅጥሩ ደብዳቤ በግንቦት ወር መጣ። ላይ ኬንግ ሁለት ጊዜ አነበበችውና፣ "ነይ፣ ዕቃ ታግዢኛለሽ" አለችኝ። ወደ ምድር ቤቱ መጋዘን ወረድን። ከኮቶቹ መካከል፣ በአንድ መስቀያ ላይ የእሷ ሹራብ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ የቤት ጫማዋና የሻይ ቴርሞሷ ተቀምጠዋል።

"ይህን ሁሉ ጊዜ እዚህ ትተሽው ነበር?" አልኋት። "በዚያ በእርጥቡ ሰሞን ሹራብ የለኝም ስትዪ!"

"ብመለስስ ብዬ" አለች፣ ሹራቧን እያራገፈች። "ባዶ እጄን የምመለስ እንዳይመስለኝ።"

ቴርሞሱን ለእኔ ሰጠችኝ፣ ጫማውን በብብቷ ያዘች። በቦታዋ የተተካችው ወጣት ሴት ቍልፍ እየተከለች ቀና ብላ አየችን። ላይ ኬንግ ፊቷን አይታ ቆም አለች። "ስምሽ ማነው?" አለቻት። "በምሳ ሰዓት ወደ ላይ ውጪ፤ ኮሌጁ በር ላይ ያለችው ሴትዮ የዓሣ ገንፎዋ ግሩም ነው። አብረን እንበላለን።"