ሁለቱ ቀሚሶች

አባቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የታወቀ ሸማኔ ነበር። እናቴ ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል፤ እኔንም ያስተማሩኝ በዚሁ ነው። የልብስ ዲዛይን ተምሬ ስመለስ ግን ደንበኞቹ ተመናምነው ጠበቁኝ። ጥለት የታተመበት የውጭ ጨርቅ ገበያውን ሞልቶታል። ከሩቅ ሲያዩት ሸማ ይመስላል፤ ሲነኩት ላስቲክ ላስቲክ ይላል።

አናደደኝ። በከተማው የእጅ ሥራ ባዛር ላይ ሁለት ቀሚስ ላቀርብ አሰብኩ፤ አንዱን ወላጆቼ ከሠሩት ሸማ፣ ሌላውን ከታተመው ጨርቅ፣ ስፌታቸው አንድ ዓይነት። በሸማው ደረት ላይ ወረቀት ሰፍቼ "እናቴ ክረምቱን ሙሉ ፈተለችው፤ አባቴ ሸመነው" ብዬ ልጽፍ፤ በሌላው ላይ "ማን እንደሠራው አላውቅም፤ የሠራው ሰው እንዴት እንደሚኖርም አላውቅም።"

"ይሄ ምን ሊያደርግልሽ ነው?" አለኝ አባቴ።

"ሰው አይቶ እንዲያስብ ነዋ።"

"ሊያስብ ብሎ ልብስ የሚገዛ አለ?" አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ጥለቱን ግን እንደዚያ ተጠንቅቆ ሲሠራ አይቼው አላውቅም።

ባዛሩ ላይ ሰው ወረቀቶቹን አላነበበም ማለት አልችልም። አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ሁለቱንም ጮክ ብላ አነበበችና "እውነት ነው፣ ያሳዝናል" አለች። ከዚያ የታተመውን ቀሚስ እጅጌ በጣቷ እያሸች፣ "ይሄኛውን ለእኔና ለእህቶቼ ትሰፊልናለሽ? ሠርግ አለብን" አለችኝ። እምቢ አልኳት። ከእሷ በኋላም ሌሎች መጥተው ያንኑ ጠየቁኝ። አንድ ነጋዴ ብቻ የአባቴን ጥለት በስልኩ ደጋግሞ ፎቶ አነሳ። አንድ ሰው እንኳ አየው ብዬ ደስ አለኝ።

በዓመቱ፣ ለፋሲካ ገበያ የወጣው አባቴ ባዶ እጁን ተመልሶ "ነይ እስቲ፣ አንድ ነገር እይልኝ" አለኝ። ወስዶ አንድ ሱቅ በር ላይ የተሰቀለ የታተመ ጨርቅ አሳየኝ።

"የእኔ ጥለት ነው" አለ።

"በምን አወቅህ?"

"እዚህ ጋ አንድ ክር ዘልያለሁ፤ መስቀሉ በአንድ በኩል አጥሯል። ዓይኔ ደክሞ ነው።" ጨርቁን ወደ ታች ተከተለው። በየስንዝሩ ያው ያጠረ መስቀል ታትሟል። "አላረሙትም" አለ ቀስ ብሎ።

ባለሱቁን ተቆጣሁት። "ይህ የአባቴ ሥራ ነው!"

"እህቴ፣ እኔ ከመርካቶ ነው ያመጣሁት። ደግሞስ ጥለት የማን ይባላል?" አለኝ፤ ክፋት አልነበረበትም። አባቴ እጄን ይዞ ወሰደኝ።

የጀመረውን ነጠላ ጨርሶ ሽመናውን ተወ። አሁን የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ነው። እናቴ ያንን ጨርቅ ገዝታ አሰፍታ ቤተ ክርስቲያን ለብሳው ሄደች። ምን ነካሽ ብላት፣ "የአባትሽ ጥለት እኮ ነው፤ ደግሞ ለማጠብ አያስቸግርም" አለችኝ።

የሰፋሁላት እኔው ነኝ። መናኸሪያው አጠገብ አንድ የስፌት መኪና አለኝ፤ ሰው የሚያመጣልኝ ጨርቅ ሁሉ እንደዚያው ያለ ነው።