ባለ ሁለት ግድግዳ ጎረቤት

በድሮው ረድፍ ቤት፣ ክፍል ከክፍል የሚለየው በሳንቃ ስለነበር፣ ምስጢር የሚባል ነገር አልነበረም። አንዱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚለው ከሳንቃው ማዶ ያለው ነው። ልብስ ሰፊዋ ባሏን ቀብራ ብቻዋን የቀረችው እዚያ ነው። ከጎኗ ደግሞ ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ትኖር ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ «ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ!» ስትል የኖረች ሴት ድምፅዋ እንዴት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ሰፈሩ ጡሩምባ ይላታል።

ሁለቱ ድሮ የልብ ጓደኛሞች ነበሩ፤ ያጣላቸው ጨርቅ ነው። ጡሩምባ ቀሚስ አሰፍታ «ጠበበኝ» አለች። ሰፊዋ «አንቺ ነሽ የወፈርሽው» አለች። «የተረፈውን ቁራጭስ የት አደረስሽው?» አለች ጡሩምባ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ለሰፊ ደግሞ ጨርቅ ሰረቅሽ ከመባል የሚብስ ስድብ የለም። ከዚያ ወዲህ አንዷ የሌላዋን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ግቢ ውስጥ ሲተላለፉም አንዷ ሰማይ ሌላዋ መሬት ታያለች።

በግድግዳ ግን አንድም ቀን ዝም ተባብለው አያውቁም። የሰው ነገር እንዲህ ነው! ጡሩምባ ማለዳ ተነስታ ለሳንቃው፣ «አንዳንዱ ሰው ይሄን የስፌት መኪና ሲያንኳኳ እንኳን ሰው አይጥ አይተኛም!» ትላለች። ሰፊዋም ለሳንቃው፣ «አንዳንዱ ደግሞ ሆን ብሎ ነው የሚያስለው!» ትላለች። ሳሉ የበረታ ዕለት፣ «ትኩስ ነገር ጠጥቶ መተኛት ነው እንጂ መለፍለፍ ምን ይጠቅማል!» የሚል ስድብ ከወዲህ ወደዚያ ያልፋል። ሰፊዋ ይህን ጠብ ነው የምትለው፤ እኛም እንዳንደፍራት ጠብ እንበለው።

ከረድፉ ጀርባ ባለው ሜዳ ለረድፉ አቅመ ደካሞች ቤት ይሠራል ሲባል ሰው ሁሉ አሸዋና ጠጠር ሲጠብቅ፣ ቤቱ ራሱ መጣ። ከፋብሪካ ያለቀለት ክፍል፣ በርና መስኮቱ፣ የእጅ መታጠቢያው ሳይቀር ተገጥሞለት፣ በከባድ መኪና ላይ እንደ ቁም ሳጥን ተጭኖ ከተፍ አለ። ክሬኑ አንዱን ባንዱ ላይ ሲደረድር ሰፊዋ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች።

«ውስጡ ሰው አለ እንዴ?» አለች።

የገጣጣሚዎቹ አለቃ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። «የለም እማማ፤ እርስዎን ነው የምንጠብቀው» አላት።

«ግድግዳውስ? ድምፅ ያሳልፋል?»

«እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ግድግዳ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በእርስዎና በጎረቤትዎ መሃል ሁለት ግድግዳ አለ፤ በመሃላቸው ደግሞ ድምፅ የሚያፍን ነገር ተጠቅጥቋል። ቢጮሁም አይሰሙም።»

«ተገላገልኩ!» አለች ሰፊዋ። ነባር ጎረቤት እንዳይበተን ተብሎ ሰው በድሮው ተርታው ሲመደብ፣ ጡሩምባ እንደገና ከጎኗ ብትሆንም ግድ አልሰጣትም።

የገባች ዕለት ለጥ ብላ ተኛች። በማግስቱ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ፣ «ዛሬስ አንዳንዱን ሰው ምን ዋጠው?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አደረገች። በመቀሱ እጀታ ግድግዳውን መታች። ጭጭ። ወጣ ብላ እንዳታያት ደግሞ ውሃው ቤት ውስጥ፣ መጸዳጃው ቤት ውስጥ፤ እንደ ድሮው ቧንቧ ጋ የሚያገናኝ ነገር የለም። ቀን በቀን ላይ ሲደረብ ጆሮዋ ሥራ ፈታ፣ እጇም አብሮ ፈታ። አንድ እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ ፈታችው፤ ከዚያ መኪናውን ሸፍና ተወችው።

ያ ሳል ትዝ አላት። ሞታ ቢሆንስ? ልጅ የላት፣ ዘመድ የላት፤ በሯን ማን ይከፍታል? በሁለት ግድግዳ መስማት እንደማይቻል ታውቃለች፤ ፍርሃት ግን ምክንያት አይገባውም።

አለቃው በሮቹ ደህና መገጠማቸውን ሊያይ ሲመጣ ጠብቃ ያዘችው።

«ልጄ፣ እዚህ ግድግዳው ላይ አንዲት ቀዳዳ ብጤ ብታበጅልኝ?»

«ለምን እማማ?»

«ለ... ለአየር።»

ሳቀ። «መስኮት አለዎት እኮ! ይሄ ከተበሳ ደግሞ እሳት ቢነሳ ከቤት ቤት ይሻገራል። ጎረቤትዎን ፈልገው ከሆነ፣ በር ሠርተንልዎታል።»

«ማንም አልፈለግሁ!» ብላ ሸኘችው። ከሄደ በኋላ ግን ቆማ ቀረች። ሄዳ ሞታ ብታገኛትስ? በሕይወት አግኝታት ብትስቅባትስ? ሳቁን መረጠች፤ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።

አንኳኳች። ደግማ አንኳኳች። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተና ጡሩምባ ዓይኗ አብጦ ብቅ አለች። ሰፊዋን ስታይ እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አለች።

«አለሽ?» አለች ጡሩምባ።

«አለሁ። አንቺ ምን ሆነሽ ነው?»

«መኪናሽ ዝም አለ! ብሰድብሽ፣ ብሰድብሽ ዝም አልሽ! አስከሬንሽን አያለሁ ብዬ በርሽን ማንኳኳት ፈርቼ፣ እዚህ ተቀምጬ አለቅስልሻለሁ!»

ሰፊዋ ልትስቅ ነበር፤ ግን ፊቷን አየችው። ስንት ዘመን በሳንቃ የመጣው ድምፅ ያው የጥንቱ ነበር፤ እፊቷ ያለችው ሴት ግን ጸጉሯ ነጥቶ፣ ጉንጯ ጎድጉዶ፣ አንገቷ ቀጥኗል። ጡሩምባም ቀና ብላ እያየቻት ነበር።

«አንቺ» አለች ጡሩምባ፣ ማንም ሰምቶት በማያውቀው ዝቅተኛ ድምፅ፣ «መቼ ነው እንዲህ ያረጀነው?»

ሰፊዋ እጇን ይዛ አነሳቻት።

«በግድግዳ ስንሰዳደብ» አለቻት።