ሲሚንቶ የተጫማው ቤት

ዶርዜ ላይ ቤት ሲያረጅ እንደ ሰው ያጥራል። ቀርከሃው እግሩን መሬት ውስጥ ቀብሮ ስለሚቆም ምስጥ ከሥር ከሥሩ ይበላዋል። የተበላው ይቆረጣል፤ ቤቱም በየጊዜው ክንድ ክንድ እያነሰ ወደ መሬት ይጠጋል። ምስጡ ጨርሶ ሲያስቸግር ደግሞ የሰፈሩ ወንዶች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ ብድግ ያደርጉና ምስጥ ወዳልለመደው ቦታ ተሸክመው ይሄዳሉ። ይህን ያልሰማ እንግዳ ሲነግሩት የሚቀልዱበት ይመስለዋል።

ሻሺቱ ሙሽራ ሆና ስትመጣ የአማቷ ቤት ገና ጎረምሳ ነበር። የዝሆን ፊት የመሰለው ግንባሩ ከእንሰቱ በላይ ይታያል። ሚዜዎቹ አንገታቸውን ሳይሰብሩ ነው በበሩ ያለፉት። ባሏ አሮን ሸማኔ ነበር፤ ቁመቱ ረጅም፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው። በሠርጋቸው ሰሞን ከሸማ የተረፈ ቀይ ጥለት ቆረጠና ተንጠራርቶ ከግድግዳው ቀርከሃ አንዱ ላይ አሰረው። ሻሺቱ ልትነካው ብትዘል ብትወርድ አልደረሰችበትም።

«አትንጠራሪ» አላት እየሳቀ። «ቆይ ብቻ፣ ቤቱ ራሱ ይወርድልሻል።»

ልጆች ተወለዱ፣ ጥለቱ በጭስ ጠቆረ፣ አሮንም ሞተ። ቤቱ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ቢቆረጥም ጥለቱ ከሻሺቱ እጅ ገና ሩቅ ነበር። በርጩማ ላይ ብትቆም ትደርስበታለች። ግን በርጩማ ማጭበርበር መስሎ ስለሚታያት አንድም ቀን አልሞከረችውም።

ከእንሰቱ ወዲያ የአሮን ወንድም ሚስት ወለቴ ትኖራለች። እሷም ባሏ ሞቶባታል። ሁለቱ ሴቶች ጥጥ አብረው ይፈትሉ፣ እንሰት አብረው ይፍቁ ነበር፤ ያጣላቸው ቅርስ ነው። የዞኑ ባህል መሥሪያ ቤት በቅርስነት የሚጠበቅ ጥሩ የዶርዜ ቤት ፈልጎ ሰው ላከ። የተላከችው ማዕዶት የምትባል ወጣት ባለሙያ ነበረች፤ ወላጆቿ ከሰሜን መጥተው አርባ ምንጭ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። ሁለቱን ቤቶች ዞራ አየች፤ ሁለቱም አማሯት። ሻሺቱ እዚያ ላይ ዝም ብትል ምን ነበረበት?

«የወለቴ ቤት ሁለቴ ተሰዷል» አለች። «የኔ ግን ከተተከለበት ንቅንቅ አላለም፤ አይልምም።»

እውነቷን ነው። ያቺ አንድ ቃል ግን ለሻሺቱ ቤት ሰሌዳ አስተከለችለት፤ «የተጠበቀ ቅርስ ነው። መንካት፣ መለወጥ ክልክል ነው» ይላል። ወለቴን ደግሞ ቀማቻት። «ቤቴን ስደተኛ አለችው» ብላ ወለቴ ከዚያ ወዲህ የእንሰቱን መስመር ተሻግራ አታውቅም።

ለጥቂት ዓመታት ሻሺቱ ደስ ብሏት ኖረች። ከአርባ ምንጭ ጠመዝማዛውን አቀበት ወጥተው የሚመጡ እንግዶች ፎቶ ያነሷታል፣ ቆጮዋን በዳጣ ቀምሰው ዓይናቸው ያነባል፣ እሷም ትስቃለች። ምስጥ ግን ሰሌዳ አያነብም። ቤቱን ከሥሩ እንዳትቆርጠው ክልክል ነው፤ እንዳታስነሳው «ንቅንቅ አይልም» ብላ የማለችው ራሷ ናት።

የሲሚንቶው ሐሳብም የራሷው ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ የሚባለው ገበያ ወርዳ የአንድ ነጋዴ ቤት መሠረቱ ዙሪያውን በሲሚንቶ ተለብጦ አይታ ቀናች። ማዕዶትን በመጣች ቁጥር ጨቀጨቀቻት። የሻሺቱ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ «አንተ ልጄ፣ ቤቴን ጫማ አድርግለት» ትላታለች። ማዕዶት አለቆቿን ጠየቀች፤ እነሱም ከሥሩ አይቆረጥ እንጂ ቢጠናከር ምን ቸገረን ብለው ፈቀዱ። ግንበኞች መጥተው የቀርከሃውን እግር ዙሪያውን በሲሚንቶ ሞሉት። ሻሺቱ ለግንበኞቹ ዶሮ አረደች።

ወለቴ ለሻሺቱ በቀጥታ ስለማትናገር ከእንሰቱ ወዲያ ለገዛ ላሟ ነገረቻት። «ባዶ እግሩን ያረጀ ሰው ጫማ ሲያደርጉለት ይወድቃል» አለች፤ እንዲሰማ አድርጋ።

ምስጡስ እውነትም ቀረ። ውሃው ነው የመጣው። የዶርዜ ጉም ቀኑን ሙሉ ቤቱን ያጥበዋል፤ «እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ» የተባለው ለዚህ አገር ይመስላል። ድሮ ወደ አፈሩ ይሰርግ የነበረው ውሃ አሁን ሲሚንቶው ላይ ይተኛል፣ ቀርከሃውም ይጠጣዋል። ቤቱ ቀስ እያለ ወደ ወለቴ በኩል ዘመመ። ሻሺቱ ታያለች፤ ግን ላለማየት ፊቷን ወደ ፈትሏ ትመልሳለች።

ለመስቀል ልጇ ገነነ ከአዲስ አበባ መጣ። ሽሮ ሜዳ የሚሸምን ዶርዜ ዓመቱን ሙሉ የት ቢውል፣ ለመስቀል አገሩ ካልገባ ሰው አይባልም። ገነነ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ግድግዳውን በጣቱ ጫን አደረገው። ጣቱ የተቀቀለ ጎደሬ ውስጥ እንደሚገባ ገባ።

«እማ፣ ይሄ ቤት የጥቅምትን ዝናብ አያልፍም» አላት። «ይወድቅብሻል።»

ማዕዶት ተደውሎላት በማግስቱ መጣች። ገነነ ከሲሚንቶው በላይ፣ መበስበሱ እስከ ደረሰበት ድረስ ተቆርጦ ቤቱ ይነሳ አለ። ማዕዶት ግድግዳውን እየነካካች ቆየችና ፊቷ ጠቆረ።

«ሲሚንቶውን ያስፈቀድኩት እኔ ነኝ፣ እማማ» አለች። «ይቅርታ አድርጉልኝ። እናንሳው ካላችሁ አለቆቼን እጠይቃለሁ፤ ግን ከቦታው ከተነሳ ከቅርስነት ሊሰረዝ ይችላል። አልዋሻችሁም።»

«የለመንኩህ እኔ፣ ይቅርታ የምትለኝ አንተ» አለች ሻሺቱ። «ሂድ ጠይቅ። እኔ ግን የማድረው ቤት ውስጥ ነው፣ ሰሌዳ ውስጥ አይደለም።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ሆዷ ፈርቶ ነበር። ቤቱ ሲወድቅ አሮን ሁለተኛ የሚሞት መሰላት። ከዚህም የባሰ ያስፈራት ሌላ ነገር ነበር፤ ቤቱ ተነስቶ የት ይገባል? የሷ መሬት ዳር እስከ ዳር እንሰት ነው። ለቤት የሚሆን ባዶ ቦታ ያለው ከወለቴ ደጅ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ እንዝርቷን ይዛ ተቀመጠች፤ አንድም ክር አልወጣትም።

በጋሞ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ፊትህ ከተንበረከከ፣ የደም ቂም እንኳ ቢኖርብህ አልሰማም ማለት ነውር ነው። ወጉ የሽማግሌዎች ነው፤ ሻሺቱ ሴት ስታደርገው አይታ አታውቅም። ሽማግሌ ልልክ ብላ አሰበችና ተወችው። የተናገረው የሷ አፍ ነው፤ የሌላ ሰው ጉልበት ለምን ይንበረከክ? በማለዳ ጤዛ ያልለቀቀው ሳር ነጭታ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ የእንሰቱን መስመር ተሻገረችና ወለቴ ደጅ ላይ ተንበረከከች።

ወለቴ ላሟን እያለበች ነበር። ዞር ብላ አየቻት። ተመልሳም ማለቧን ጨረሰች።

«ቤቴ አይነቃነቅም ብለሽ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«ብዬ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ስደተኛ ሆነ። አስጠጊው።»

ወለቴ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነው። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ሳሩን ከሻሺቱ እጅ ተቀበለች፤ ለላሟ ሰጠቻት።

«ተነሺ» አለቻት፤ «ጉልበትሽ ሳይያዝ። አንቺ ሽማግሌ ነሽ እንዴ፣ ምን ያንበረክክሻል!»

የመስቀል ደመራ በተቃጠለ ማግስት የሰፈሩ ወንዶች መጡ። ከሽሮ ሜዳ የመጣ ሸማኔ፣ ከሆሳዕና የመጣ ነጋዴ፣ ትናንት የጠጣው ያልለቀቀው ሁሉ ነበረበት። ቀርከሃውን ከሲሚንቶው በላይ ዙሪያውን በመጋዝ ቆረጡት። መበስበሱ ከታሰበው በላይ ወጥቶ ስለነበር ሲቆርጡ፣ ሲቆርጡ፣ ቤቱ ከወለቴ ቤት አንሶ ቁጭ አለ። ሻሺቱ ይህን አይታ ከንፈሯን ነከሰች። አጣና በዙሪያው አሰሩ፤ ግማሾቹ ከውስጥ፣ ግማሾቹ ከውጭ ሆነው ትከሻቸውን ሰጡ። አንዱ ዘፈን አወጣ፣ ሌሎቹ ተቀበሉ፣ ቤቱም ተነሳ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ዝሆኑ ራሱን እየነቀነቀ በእንሰቱ መሃል ሲያልፍ ዶሮዎች ተበተኑ፣ ወለቴም ከደጇ ሆና ወዲህ በሉት፣ ወዲያ በሉት እያለች ወንዶቹን አደናገረቻቸው።

ማዕዶት መጥታ ነበር። አለቆቿ መልስ አልሰጧትም። ጥበቃው የቤቱ ይሁን የቦታው እነሱም ገና አልተስማሙም። እሷ ግን ተነቅሎ መሬት ላይ የቀረውን በር አየችና ጫማዋን አውልቃ በሩን ተሸከመች፤ ከቤቱ ኋላ ኋላም ተከተለች። በድሮው ቦታ ላይ የቀረው የሲሚንቶው ክብ ነው፤ ሰሌዳውም መንካት ክልክል ነው እያለ አጠገቡ ቆሟል።

በሩ ተገጥሞ ወንዶቹ ወደ ምግቡ ሲሄዱ ሻሺቱ ብቻዋን ገባች። ሙሽራ ሆና ቀጥ ብላ በገባችበት በር አሁን ወገቧን እጥፍ አድርጋ ነው ያለፈችው። ቤቱ ጠቧል፣ ጨልሟል፤ የጥላሸቱ ሽታ ግን ያው ነው። ምድጃውን የት እንደምታደርግ ለማየት በግድግዳው ጥግ ስታልፍ አንድ ነገር ግንባሯን ነካት። የሸረሪት ድር መስሏት በእጇ ልትጠርገው ስትል ቋጠሮው መዳፏ ውስጥ ገባ። ጥላሸቱን በአውራ ጣቷ አሸት፣ አሸት አደረገችው፤ ከሥሩ ቀይ ወጣ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለች ወለቴ ከደጅ። «ቤቱ አነሰ ብለሽ ታለቅሻለሽ?»

«አይደለም» አለች ሻሺቱ፤ ጥለቱን አልለቀቀችውም። «ወረደልኝ።»

ወለቴ ነገሩ አልገባትም። ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ነይ ብላ ተጣራችና ሄደች።