በእስክሪብቶ የተከበበው ጉልበት

ያን ቅዳሜ ጠዋት በሲልቨር ስፕሪንጉ አፓርታማችን አራት ነበርን፦ እኔ፣ የስድስት ዓመት ልጄ፣ ከአዲስ አበባ ከመጣች ወር የሆናት፣ እኛ ጋ ያረፈችው የባለቤቴ እህት፣ እና ከታችኛው ፎቅ የጠራኋቸው ጎረቤታችን። እሳቸው አገር ቤት ብዙ ዓመት ነርስ ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ አረጋውያን ይንከባከባሉ።

ልጄ ሐሙስ ዕለት ፓርኪንግ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ተላልጧል። አሁን ቀልቶ፣ አብጦ፣ ሲነኩት ይፋጃል። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ስለ ቁስል የማውቀው የወንድሜን ብቻ ነው። በልጅነቱ በእንዲህ ያለ ቁስል የተነሣ እግሩ ተቆርጧል። ስለዚህ የባለቤቴ እህት ካመጣችው የአምፒሲሊን እንክብል አንዱን ከፍቼ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ልነሰንስ ስል ጎረቤታችን ገቡ።

«ምን ልታደርጊ ነው? ጉልበቷ ላይ ሽሮ ልትበትኚ?»

«እትዬ፣ አመረቀዘ እኮ!»

«ትኩሳት የላትም፣ ትሮጣለች። ያበጠው ሰውነቷ እየተከላከለላት ስለሆነ ነው። ቆዳ ሲቀደድ ቀድመው የሚደርሱ ዘበኞች በደሟ ውስጥ አሏት። የገባው ማን እንደሆነ እስኪጣራ አይጠብቁም፤ ባዕድ የሆነውን ሁሉ ይይዛሉ። ደሙም ወደዚያ ስለሚጎርፍ ይቀላል፣ ይሞቃል።»

ቁስሉን በሳሙናና በውኃ አጠቡት። ከዚያ እስክሪብቶ ተቀብለው የቅላቱን ዳር ዳር ከበቡት። «ቀዩ ከዚህ ካለፈ ወይም ካተኮሳት፣ ወዲያው ሐኪም ቤት። ነገ ማለት የለም።»

እሑድ መስመሩን ስንት ጊዜ እንዳየሁት እንጃ። ልጄ «ማሚ፣ ስቶፕ!» እያለች ጉልበቷን በቀሚሷ ትሸፍናለች። ሰኞ መግል ወጣ። ወዲያው እትዬን ሥራ ቦታቸው ኮል አደረግኋቸው።

«ቀዩ አልፏል?»

«አላለፈም።»

«ትኩሳትስ?»

«የላትም።»

«እንግዲያው መግሉ ሲዋጉ የሞቱት ዘበኞች ናቸው። አሁን የሞተውን የሚያነሱ ጠራጊዎች ይመጣሉ፤ እነሱ ቀናት ይፈጅባቸዋል። አንቺ እያጠብሽ ሸፍኚ፣ ደግሞም ትንሽ ተቀመጪ።»

ለልጄ ነገርኳት። ጉልበቷን ትክ ብላ አየችው። «ሞቱ? ፎር ሚ? ለእኔ?» ጎንበስ ብላም «ታንክ ዩ» አለችው። አክስቷ ሳቀች፤ እኔ አለቀስኩ።

ረቡዕ ቅላቱ ከመስመሩ ርቆ ወደ መሃል ተሰብስቦ ነበር። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ እሳቸውን ግን በወጉ ሳላመሰግን ቀረሁ። በዚያው ዓመት ከእኛ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ ከተማ ልጃቸው ጋ ገቡ፣ ስልካቸውም ተቀየረ። የት እንዳሉ፣ ደህና መሆናቸውንም የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።