ሰባት ግራጫ ግድግዳዎች

ሰፈርተኛው «ግራጫው» ይለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የማዘጋጃ ቤት ሥራው አንድ ነው፤ ወጣቶች በየመተላለፊያው ግድግዳ ላይ የሚስሉትን ሥዕል በግራጫ ቀለም ማጥፋት። ሥራ ላይ ደግሞ ቀልድ አያውቅም! ሌሎቹ ቀቢዎች አንዴ ለቅለቅ አድርገው ሲሄዱ፣ እሱ መጀመሪያ ግድግዳውን በብረት ብሩሽ ይፍቃል፤ ከዚያ ሁለቴ ይቀባል።

እንግዲህ ጉድ በሉ፣ አንዲት ልጁ የግድግዳ ሠዓሊ ሆነች። የቀለም ጣሳ ታቅፋ ከቤት ስትወጣ ቢያገኛት፣ «እኔ የማጠፋውን የምትሠሪ ከሆነ ልጄ አይደለሽም» አላት። ምነው ያኔ አፉን በቆረጠው! እሷም እልኸኛ ናት፤ የማን ልጅ ሆና። በዚያው ወጥታ ቀረች። ሦስት ዓመት ተኳርፈው ቆዩና ሳንባዋን ታመመች ተባለ። ሆስፒታል ሲደርስ ሕይወቷ አልፎ ነበር።

ከቀበራት በሳምንቱ ጓደኛዋን ለመናት።

«አንዲት ሥዕሏን ብቻ አሳዪኝ፣ ልጄ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ሥዕሎቿን ፎቶ አታስነሳም ነበር፣ አባባ። ቦታዎቹን ግን አውቃቸዋለሁ።»

ከጠዋት ጀምረው ዞሩ። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ግራጫ። ልብስ ሰፊዎቹ ጋ ግራጫ። ጫማ ጠጋኙ ጥግ ሲደርሱ ግድግዳውን ዳሰሰው፤ ልስልስ ያለ፣ ሁለቴ የተቀባ፣ የራሱ እጅ ሥራ። በጥፍሩ ቢፍቀው ከሥር የወጣው ሲሚንቶ ብቻ ነው። ሰው ሥራውን አሳምሮ በመሥራቱ እንዲህ ይቃጠል?

ሰባተኛውና መጨረሻው ግድግዳ ሥር መሬት ላይ ዘጭ አለ። ይኼኛውን የቀባው ባለፈው ወር ነው።

«እዚህ ላይ ምን ነበር የሣለችው?»

ልጅቷ ደነገጠች። «እርስዎ አይደሉም እንዴ ያጠፉት?»

«እኔ አላይም። ካየሁት እጄ ይሰንፋል። ዓይኔን ከብሩሹ አልነቅልም።»

ልጅቷ ግራጫውን ግድግዳ ቀና ብላ አየችው። እሱ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ፣ «ከተማው ሙሉ ግድግዳ ነው» አለ። «እኔ በማጠፋበት ሰፈር ብቻ መሣሏ ምን ይባላል? እልኽ ነው?»

ለመናገርም ላለመናገርም ተቸገረች። በመጨረሻ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እልኽ አልነበረም፣ አባባ። ቤት መምጣት ፈርታ ነው። ‹አባዬ ማጥፋቱን ያጠፋዋል፤ ግን መጀመሪያ ፊት ለፊቱ ቆሞ ያየዋል› ትል ነበር።»

«ሰባት ጊዜ ጠራችኝ» አለ ሰውየው።